ከገዳሙ ጸጥታ ወደ ቤታችን ጫጫታ

በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የሚገኘው የሉተር ገዳም ጉብኝት

ስለ ማርቲን ሉተር ያልሰማ ወንጌላዊ አማኝ በአገራችን አይገኝም ማለት ይቻላል። በ1517 በዊተንበርግ ስላወጣቸው 95 ነጥቦች፣ በ1521 በዎርምስ ጉባኤ ነገሥታትና ጳጳሳት በተሰበሰቡበት ሸንጎ ስለ መቆሙ ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ዓመታት ግን ብዙም አይወራም። ሉተር የተሐድሶ መሪ ከመሆኑ በፊት መነኩሴ ነበር። ያውም የይስሙላ መነኩሴ ሳይሆን የገዳሙን ሥርዓት አንዲት ሳያጎድል ለመፈጸም ሲል ሰውነቱን የጎዳ መነኩሴ ነበር።

እኛ ወንጌላውያን "ገዳም" የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙ ጊዜ የሚሰማን "ይህ የእኛ አይደለም" የሚል ስሜት ነው። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የመሄድ ዕድል ያገኘ ምእመን ገበያውን፣ ሐውልቱንና ወንዙን አይቶ ይመለሳል እንጂ የጥንት ገዳም ደጅ አይረግጥም። እኔና ባለቤቴ ግን አንድ ሙሉ ቀን በእንዲህ ያለ ገዳም አሳልፈን ተመልሰናል። ያየነውንና የተማርነውን፣ በተለይ በትዳር ላይ ላላችሁ ወገኖች ማካፈል ወድጃለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማማዎች ከተማ

ወደ ጀርመን የሄድነው ፍራንክፈርት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ስትዳር ለመገኘት ነበር። ሠርጉም ቅልቅሉም በሰላም ካለፈ በኋላ ወደ አገራችን ከመመለሳችን በፊት ሦስት ትርፍ ቀናት ነበሩን። ባለቤቴ "ሉተር የመነኮሰበትን ቤት ሳላይ አልመለስም" አለኝ። ኤርፉርት ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። በጠዋት ተነሥተን ሄድን።

ኤርፉርት የቱሪንገን ግዛት ዋና ከተማ ስትሆን ከ200,000 በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። እስከ 1990 ድረስ በኮሙኒስት መንግሥት በምትመራው ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ነበረች። በመካከለኛው ዘመን ግን እጅግ ባለጸጋ ከተማ ነበረች። ሀብቷ የመጣው ከአንድ ተክል ነው። ቅጠሉ ተፈጭቶ ሰማያዊ የልብስ ቀለም ይወጣው ነበርና ነጋዴዎቿ ቀለሙን ወደ ብዙ አገር እየሸጡ ከበሩ። በዚያ ገንዘብ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ስለ ተሠሩባት "የማማዎች ከተማ" እስከ መባል ደረሰች። ዛሬም ከሩቅ ሲያዩአት ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነው። በመሐል ከተማዋ ከ1325 ጀምሮ የቆመ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ግራና ቀኙ በመኖሪያ ቤቶችና በሱቆች የተሞላ ስለሆነ በላዩ የሚያልፍ ሰው ወንዝ እየተሻገረ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ይህች ከተማ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ሌላም ትዝታ አላት። በ1624 በዚህች ከተማ የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ቋንቋና ታሪክ ለአውሮፓ በማስተዋወቅ ስሙ የሚነሣ ሊቅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጋር በ1649 በሮም ተዋወቀ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ከኤርፉርት ብዙም ወደማትርቀው ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው መጥተው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። አንድ ጀርመናዊ ሊቅ በአንድ የአገራችን መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጦ የእኛን ቋንቋ መማሩን ሳስብ፣ የከተማዋ ጠባብ መንገዶች ባዕድ መሆናቸው ቀረብኝ።

መልስ የሚጠብቅ ጉዳይ

ወደ ገዳሙ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያን ሰሞን እኔና ባለቤቴ መልስ የሚጠብቅ ጉዳይ ነበረን። የምንገኝበት ቤተ ክርስቲያን ባለቤቴን ለአንድ ዓመት ሩቅ ወደሆነ የወንጌል ጣቢያ ሄዶ እንዲያገለግል ጠይቃው ነበር። በቦታው ለቤተሰብ የሚሆን ቤት ስላልነበረ የሚሄደው ብቻውን ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ታላቂቱ በዚያው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ትንሹ ገና አፉን መፍታቱ ነው።

አማቼ ዕድሜያቸውን በእምነት ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩትና "እግዚአብሔር የሰጠህን ቤት ጥለህ እግዚአብሔርን ልታገለግል ነው?" አሉት። ባለቤቴ ይህ ንግግር ከልቡ ገብቶ አሳዘነው። እርሱ የጌታን ጥሪ እንደ ሰማ ያምናል፤ የአባቱንም ቃል መናቅ አልፈለገም። እኔም በሁለቱ መካከል ነበርሁ። በሠርጉ ግርግር ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለን ለመነጋገር ጊዜ አላገኘንም ነበር።

ጌጥ የሌለው ቤተ ክርስቲያን

የአውጉስጢኖስ ገዳም የሚገኘው በአሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። የዚህ ማኅበር መነኮሳት ወደ ኤርፉርት የመጡት በ1266 ሲሆን ቤተ ክርስቲያኑና ገዳሙ መሠራት የጀመሩት ከ1277 ገደማ አንሥቶ ነው። መነኮሳቱ በልመና የሚተዳደሩ ነበሩ። በትከሻቸው ከረጢት አንግተው በየቤቱ እየዞሩ ዳቦና እንቁላል ይለምናሉ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናቸውም እንደ ከተማይቱ ታላቅ ካቴድራል ያጌጠ አይደለም። ረጅም፣ ቀጥ ያለ አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨት ነው። ወደ ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ "የእኛን የጸሎት ቤት ይመስላል እኮ!" አለኝ። ዓይን የሚስበው በስተምሥራቅ በመሠዊያው በኩል ያሉት የባለ ቀለም መስተዋት መስኮቶች ናቸው። የተሠሩት ከ1310 እስከ 1340 ባሉት ዓመታት ነው። በአንደኛው መስኮት ላይ የቅዱስ አውጉስጢኖስ ሕይወት በሥዕል ተተርኳል። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ መስኮቱ መጽሐፉ ነበር።

አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ከመሠዊያው ፊት ካለው የመቃብር ድንጋይ ዘንድ አቁመውን "ሉተር ሲመነኩስ በዚህ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ቃል ገባ" አሉን። ከድንጋዩ ሥር የተቀበረው በ1428 የሞተው ዮሐንስ ዘካርያስ የተባለ የዚሁ ገዳም የነገረ መለኮት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1415 በኮንስታንስ ጉባኤ በቼኩ ሰባኪ በያን ሁስ ላይ ከተነሡት ተከራካሪዎች አንዱ ነበር። ሁስ በዚያው ዓመት በእሳት ተቃጥሎ ተገደለ። እንግዲህ አስቡት! ወጣቱ ሉተር የታዛዥነት፣ የድህነትና የድንግልና ቃል ኪዳን የገባው የሁስ ተቃዋሚ በተቀበረበት ድንጋይ ላይ ነው። ያው ሉተር በ1519 በላይፕሲግ ክርክር ላይ ከሁስ ትምህርቶች መካከል እውነተኛ የክርስትና ትምህርት የሆኑ እንዳሉ በግልጥ ተናገረ። እግዚአብሔር ሥራውን የሚጀምረው እኛ በማንጠብቀው ስፍራ ነው።

በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከ1525 ጀምሮ የወንጌላውያን አምልኮ ይካሄዳል። በሴፕቴምበር 23 ቀን 2011 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 16ኛ ወደዚህ መጥተው ከጀርመን ወንጌላውያን መሪዎች ጋር ተወያይተዋል፤ አብረውም ጸልየዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚህ ቤት የኖረ መነኩሴ ስለ ተነሣበት ጉዳይ የልጅ ልጆቹ በዚያው ቤት ቁጭ ብለው መነጋገራቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ዙሪያ መመላለሻው

ከቤተ ክርስቲያኑ በጎን በር ስንወጣ የገዳሙን ልብ አገኘነው። በአራት ማዕዘን የተሠራ፣ ጣሪያ ያለው፣ በቅስት መስኮቶቹ ወደ መካከለኛው ግቢ የሚያይ የድንጋይ መተላለፊያ ነው። ጀርመኖቹ ክሮይትስጋንግ ይሉታል። በአማርኛ ትክክለኛ ስም ስለሌለው ዙሪያ መመላለሻ ብንለው ያስኬዳል። መካከሉ ሣር ነው። ከዚህ መመላለሻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ መሰብሰቢያው ክፍል፣ ወደ ምግብ ቤቱ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ይኬዳል። መነኮሳቱ ዝናብም ሆነ በረዶ ሳይነካቸው እዚህ እየተመላለሱ ያነብባሉ፤ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይይዛሉ፤ ይጸልያሉ።

ሉተር በጁላይ 17 ቀን 1505 ወደዚህ ግቢ ሲገባ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ በአባቱ ፈቃድ ሕግ መማር ጀምሮ ነበር። በጁላይ 2 ቀን ከወላጆቹ ዘንድ ሲመለስ ሽቶተርንሃይም በምትባል መንደር አጠገብ መብረቅ ወደቀበት። በሞት ፍርሃት ሆኖ "እመነኩሳለሁ" ብሎ ተሳለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወዳጆቹን ተሰናብቶ በሩን አንኳኳ።

የገዳሙ ሕይወት የሚጀምረው ሌሊት ነው። መነኮሳቱ በእኩለ ሌሊት በደወል ተነሥተው ወደ ጸሎት ይሄዳሉ፤ ከዚያም በቀኑ ውስጥ በተመደበ ሰዓት ደጋግመው ይሰበሰባሉ። በአገራችንም ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት የሚባሉት ከጥንት የታወቁ ናቸው፤ መዝሙረኛውም በቀን ሰባት ጊዜ ስለ ማመስገን ተናግሯል (መዝ. 119፥164)። ሲበሉ ዝም ይላሉ፤ አንዱ ወንድም ቆሞ ያነብላቸዋል። የመኝታ ክፍላቸው እሳት የማይነድበት ጠባብ ክፍል ነው። የሉተር ክፍል ተብሎ የሚታየው በኋላ ዘመን እንደ ገና የተሠራ ቢሆንም ጥበቡን ለመረዳት ይበቃል። ሁለት ሰው ቆሞ ለመተላለፍ ይቸገራል።

ለወጣቱ መነኩሴ በገዳሙ የተሰጠው አንድ ታላቅ ነገር ነበር፤ በቀይ ቆዳ የተደጎሰ መጽሐፍ ቅዱስ። ሉተር ደጋግሞ አነበበው። ሰላም ግን አላገኘም። ጾመ፤ በብርድ ተሠቃየ፤ የረሳው ኃጢአት እንዳይኖር ለረጅም ሰዓታት ተናዘዘ። ወጥቶ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ያስታውስና ይመለሳል። የማኅበሩ አለቃ ዮሐንስ ፎን ሽታውፒትስ ግን ይህን የተጨነቀ ወጣት በትዕግሥት ያዘው። ወደ ራሱ ማየትን ትቶ ወደ ክርስቶስ ቁስል እንዲያይ መከረው። ሉተር ይህን ምክር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በምስጋና ያነሣው ነበር።

ብዙዎቻችን ሉተር በዚህ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጸጋን ያገኘ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በ1511 ከኤርፉርት ወደ ዊተንበርግ ሲዛወር ጥያቄው ገና አልተመለሰለትም ነበር። ጻድቅ በእምነት እንደሚኖር የሚናገረው ቃል (ሮሜ 1፥17) የበራለት ከዚያ በኋላ በዊተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያስተምር ነው። የኤርፉርት ድንጋይ ወደ ቃሉ አስጠግቶታል፤ ሰላሙን ግን ሊሰጠው አልቻለም። ወገኖቼ፣ ሰላም ከቅጥር አይመጣም። የገዳም ቅጥር ይሁን የጸሎት ቤታችን ቅጥር፣ ነፍስን የሚያሳርፈው በውስጡ የሚሰበከው ክርስቶስ ብቻ ነው።

ከምድር በታች ያለው ጸጥታ

አስጎብኚያችን ቀጥለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰዱን። ሕንፃው አዲስ ነው። የቀድሞው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ፈርሷል። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1945 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ከቦምብ ለመሸሽ በዚህ ሕንፃ ምድር ቤት የተጠለሉ 267 ሰዎች በፍርስራሹ ሥር አለቁ። በተቀደሰ ስፍራ፣ በወፍራም ግንብ ሥር ያሉ መስሏቸው ነበር። ዛሬ ያ ስፍራ የመታሰቢያና የዝምታ ቦታ ሆኗል።

በገዳሙ ከኮቨንትሪ የመጣ የምስማር መስቀል አለ። ኮቨንትሪ በኖቬምበር 1940 በጀርመን ቦምብ የጋየች የእንግሊዝ ከተማ ናት። ካቴድራሏ ሲቃጠል ከጣሪያው የወደቁ የጥንት ምስማሮች መስቀል ሆነው ተሠሩ፤ እንዲህ ያለው መስቀል በጦርነት ለተጎዱ ሌሎች ከተሞች፣ የጠላት ለነበሩትም ጭምር፣ የዕርቅ ምልክት ሆኖ ይሰጣል። ቦምብ የወደቀባት ከተማ ቦምብ ለወደቀባት ለጠላቷ ከተማ መስቀል ላከች። በትዳራችን ውስጥ "መጀመሪያ እርሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ መጀመሪያ እርስዋ ትጠይቀኝ" እያልን ለምንጠባበቅ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ስብከት አያስፈልገንም።

የአባት ጥያቄ

ጉብኝቱ ሲያበቃ ወደ ዙሪያ መመላለሻው ተመልሰን ከአንድ ቅስት ሥር ተቀመጥን። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ስለ ነበር ሌሎቹ ጎብኚዎች ሄደዋል። አስጎብኚያችን ከነገሩን ሁሉ ከአእምሯችን ያልወጣው አንድ ታሪክ ነበር።

ሉተር በኤፕሪል 1507 በከተማይቱ ካቴድራል ክህነት ተቀበለ። የመጀመሪያ ቅዳሴውን ደግሞ በሜይ 2 ቀን በዚሁ በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን አደረገ። አባቱ ሃንስ በማዕድን ሥራ የሚተዳደር ጽኑ ሰው ነበር። ልጁ ሕጉን ትቶ ሲመነኩስ ክፉኛ ተቆጥቶ ነበር። ለዚህ ቀን ግን ሃያ ፈረሰኞች አስከትሎ መጣ፤ ለገዳሙ ማዕድ ቤትም ሃያ ጉልደን ገንዘብ ሰጠ። ማዕድ ላይ በተቀመጡ ጊዜ ልጁ "አባቴ ሆይ፣ ስለ ምን ተቃወምኸኝ?" የሚል ሐሳብ አነሣ። አባትየውም በተሰበሰቡት ሊቃውንት ፊት አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ አልሰማችሁምን ብሎ ጠየቀ። ሉተር ያን ጥያቄ አልረሳውም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1521 ስለ ምንኩስና ቃል ኪዳን የጻፈውን መጽሐፍ መታሰቢያነቱን ለአባቱ አድርጎ፣ ያን ቀን አባቱ የተናገረው እውነት እንደ ነበረ መሰከረለት።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። በኋላም "ሃንስ የጠየቀው አባቴ የጠየቀኝን ነው" አለኝ።

እኔም "ጌታስ አባትና እናትን፣ ልጆችንም ከእርሱ አስበልጦ ስለ መውደድ የተናገረው የት ይግባ?" አልሁት (ማቴ. 10፥37)። እውነቱን ለመናገር ጥሪውን የሚያስተው እኔ እንድሆን አልፈለግሁም ነበር።

"እርሱም አለ" አለ። "ነገር ግን ያው ጌታ በማርቆስ 7 ላይ ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ እያሉ ወላጆቻቸውን የሚተዉትን ገሥጿል። ጳውሎስም የራሱን ቤት ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤት እንዴት ይጠብቃል ብሎ ጠይቋል (1ጢሞ. 3፥5)። ሁለቱም ቃል የጌታ ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልችልም።"

ያን ቀን በዝናቡ ድምፅ ሥር ወራት ሙሉ ያልተነጋገርነውን ተነጋገርን። ስለ ታላቂቱ ልጃችን ፈተና፣ ስለ ትንሹ፣ ስለ እኔ ሥራ፣ በዚያ በሩቅ ጣቢያ የወንጌል አስተማሪ ስለሚጠብቁት ሰዎች አነሣን። ጥሪውን እምቢ ላለማለት፣ ቤታችንንም ላለመክፈል ተስማማን። ለሽማግሌዎቹ ያቀረብነው መልስ "አንድ ዓመት ይታገሡን፤ የልጃችን ፈተና ካለፈ በኋላ ስንሄድ ሁላችንም እንሄዳለን፤ ለቤቱም እኛው ቦታው ድረስ ሄደን መፍትሔ እንፈልጋለን" የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በጸሎት ከያዙ በኋላ ተቀበሉት። አማቼ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው በሁለታችንም ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ባረኩን። መልሱ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይህ ብቻ ነው አልልም። ጌታ ብቻውን የሚልከው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ባልና ሚስት ሳይነጋገሩበት፣ ወላጅ ሳይደመጥ፣ ልጅ ሳይታሰብ የሚወሰን አገልግሎት ቆም ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ገዳሙ ቤት ሲሆን

የኤርፉርት ታሪክ የሚፈጸመው በዊተንበርግ ነው። በዚያም የአውጉስጢኖስ ማኅበር ገዳም ነበረ። ተሐድሶው ሲስፋፋ መነኮሳቱ አንድ በአንድ ወጡና ሉተር በሰፊው ቤት ቀረ። በ1523 የፋሲካ ሰሞን ካታሪና ፎን ቦራ የተባለች መነኩሲት ከሌሎች እህቶች ጋር ኒምብሸን ከተባለው ገዳም በሌሊት ወጥታ ወደ ዊተንበርግ መጣች። በጁን 13 ቀን 1525 ከሉተር ጋር ተጋቡ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በጁን 27 ቀን የሠርጉ ግብዣ ሲደረግ አባትየው ሃንስና እናትየው ማርጋሬቴ ተገኝተው ነበር። በ1507 በገዳም ማዕድ ላይ የተቆጣ አባት ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በልጁ የሠርግ ማዕድ ላይ ተቀመጠ!

ያ ገዳም መኖሪያ ቤታቸው ሆነ። ስድስት ልጆች ተወለዱላቸው። ተማሪዎች፣ እንግዶች፣ ስደተኞች ገበታቸውን ይከቡ ነበር። ካታሪና ከብት ታረባለች፣ አትክልት ትተክላለች፣ ያን ሁሉ ሰው ትመግባለች። አንድ ሕፃን ልጃቸው በ1528 ሞተች። በ1542 ደግሞ የ13 ዓመቷ ማግዳሌና በአባቷ እጅ ላይ አረፈች። ደስታውም ኀዘኑም በዚያው ጣሪያ ሥር ነበር። የአገራችንም ሰው ወደዚያች ከተማ ደርሷል። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ዊተንበርግ መጥቶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል፤ ሉተርም የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎለታል።

ሉተር ከገዳም ወደ ትዳር ሲሻገር ጸሎቱን፣ ቃሉንና ሥርዓቱን በገዳሙ አልተወም። ወደ ቤት ይዞት ገባ። በ1529 ያወጣው ትንሹ የእምነት መማሪያ መጽሐፍ አባወራ ቤተሰቡን እንዲያስተምርበት የተዘጋጀ ነበር። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ የሚጸለይ ጸሎት አለበት። የመነኮሳቱ ደወል ወደ እናትና አባት እጅ ገባ ማለት ነው።

ለቤታችን የሚሆን

ከኤርፉርት ገዳም ለትዳራችሁ ልትወስዱ የምትችሉት ብዙ ነው። እኛ የያዝናቸው አራት ናቸው።

1. የታወቀ ሰዓት። መነኮሳቱ ሲመቻቸው አልጸለዩም፤ ደወሉ ሲደወል ነው። በቤታችን የጸሎት ሰዓት ካልተወሰነ ጫጫታው ይወስነዋል። አሥር ደቂቃ ትበቃለች፤ ብቻ የታወቀች ትሁን።

2. የዝምታ ጊዜ። ስልክና ቴሌቪዥን የሚዘጋበት፣ ባልና ሚስት ፊት ለፊት የሚተያዩበት ጊዜ ይኑር። ገዳሙ ለዚህ ከድንጋይ ግቢ ሠራ፤ ለእኛ ከበረንዳው ላይ ሁለት በርጩማ ይበቃናል።

3. በማዕድ ላይ ቃሉ። ልጆች በየተራ አንዳንድ ምዕራፍ ያንብቡ። የትንሹ ልጅ መንተባተብም የአምልኮው ክፍል ነው።

4. ኑዛዜ ሳይሆን ክርስቶስ ይቅደም። ስሕተታችንን እየቆጠርን ራሳችንንና እርስ በርሳችንን ከማድከም የሽታውፒትስን ምክር እንስማ። ወደ መስቀሉ እንይ፤ ከዚያ ይቅር እንባባል።

በመጨረሻም ባልና ሚስት አብራችሁ እንድትወያዩባቸው ሦስት ጥያቄዎች እነሆ፦ በቤታችን ውስጥ ማንም የማይነካው የጸሎት ሰዓት አለን? በአገልግሎት ስም ቤተሰባችን የሚጎዳበት መንገድ ይኖር ይሆን? ወላጆቻችን የተናገሩንና ገና ያልመለስንላቸው ጥያቄ የቱ ነው?

የጥንቶቹ መነኮሳት እግዚአብሔርን ለመፈለግ ከዓለም ወጥተው ግንብ ሠሩ። እኛ የተጠራነው ሕፃን በሚያለቅስበት፣ ወጥ በሚያርርበት፣ እንግዳ በድንገት በሚመጣበት ቤት ውስጥ ከእርሱ ጋር እንድንኖር ነው። እርሱ እዚያም አለ። ጌታ ትዳራችሁንና ቤታችሁን ይባርክ።